የግንቡ ቀዳዳዎች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሞጣ፣ ከወንድ ልጄ ቤት ማዶ፣ አጥር የሚሠሩ ሰዎች ጥቁር ድንጋይ ሲጠርቡ ሽታው በመስኮት ገባ። የተጠረበ ድንጋይ ሽታ አለው፤ የማያውቅ ሰው ይሥቃል እንጂ አለው። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ብልጭ ይልና ክብሪት ተለኩሶ እንደጠፋ ሁሉ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ይመጣል። እኔ ከዚያ ሽታ ጋር ዕድሜዬን ተኝቻለሁ። ባለቤቴ አበጀ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢቸና ውስጥ የታወቀ ግንበኛ ነበር፤ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንኳ ከፀጉሩ ሥር ድንጋይ ድንጋይ ይል ነበር። የምለቅመውን ምስር አስቀምጬ በረንዳ ወጣሁ። ልጄ «እምዬ፣ ምን ሆንሽ?» ቢለኝ «ምንም» አልሁት። እውነቴን ነው፣ ምንም አልሆንሁ፤ ቢቸና ደርሼ ልመለስ ብዬ ነው።

ቢቸና ስላችሁ የዛሬዋን አይደለም። ከመናኸሪያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወርደው መንገድ ገና አቧራ ሳለ፣ በስተቀኝ ሦስተኛው ቤት የእኛ ነበር። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ የማውቀው ጤፍ ኩንታሉ ሁለት መቶ ብር ገባ ተብሎ ሰው ሁሉ ራሱን የያዘበት ዘመን መሆኑን ነው። አምስት እንቁላል በብር እገዛ ነበር፤ ዛሬ ይህን ለልጅ ልጆቼ ብነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። እኛ ባለትዳሮቹ ሻሽ አሥረን ነጠላችንን እናጣፋለን፤ ኮረዶቹ ግን ሽንሽን የቴትሮን ጉርድ፣ እግራቸው ላይ ነጭ የላስቲክ ጫማ። ማዕዘኑ ላይ የጥሩነሽ ጠጅ ቤት ነበረ፤ ቴፕም ነበራት። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንደሰከረ ሰው ይጎተታል፤ ያኔ ጠጪው ሁሉ «ድንጋይ ቀይሩለት፣ ሰውዬው ሊሞት ነው!» ብሎ ይጮሃል። አበጀ ይህን በሰማ ቁጥር «ለዘፈኑም ድንጋይ አስፈለገው?» እያለ ይሥቅ ነበር። ሣቁ ከደረቱ ነበር የሚመጣ። ከዚያ አንድ ቀን ሣቁ ቆመ።

የውብዳር የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ልጅ ሳለች የአባቷን ቱንቢ የምትይዝለት እሷ ነበረች። ቱንቢ ማለት ግንቡ መጣመም አለመጣመሙን የሚያዩበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር ነው። «ትንፋሽሽን ያዢ» ይላታል፤ ትይዛለች፤ ክሩ ጸጥ ይላል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አንድ የሞጣ ወዳጁ ለልጁ ጠየቃት፤ አበጀም ሳይጠይቃት ቃሉን ሰጠ። ጠላው ተጠነሰሰ፣ ድንኳኑ በውሰት መጣ። ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው የውብዳር ጎሕ ሲቀድ ወጥታ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ ገባች፤ ከርማም ከአንድ ቤተሰብ ጋር ልጅ ጠባቂ ሆና ጣልያን አገር ተሻገረች። ያኔ ለማንም ያልነገርሁትን እዚህ ልናገር፦ ስትወጣ አይቻታለሁ። ፌስታሏን በብብቷ ይዛ በሩን ስትከፍት ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

አበጀ የሙሽራውን ወገን ስጦታ መልሶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና ማለ። «በሚካኤል! ድንጋይ ተሸክማ ደጄ ላይ እስክትቆም ድረስ ከእኔ አንዲት ቃል አታገኝም!» በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል። የተበደለው ሰው ድንጋዩን ካወረደለት ምሮታል፤ ካላወረደለት አልማረውም። ግን ከባሕር ማዶ ያለች ልጅ እንዴት አድርጋ ድንጋይ ተሸክማ ትመጣለች? የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም፤ ታናናሾቿ ደግሞ የሚማሩት በእሷ ነው። የነፍስ አባታችን «ልጅህ ናት፣ መሐላውን ልፍታልህ» ቢሉት፣ «አባቴ፣ እኔ ያቆምሁትን አላፈርስም» አላቸው። ተናዶም አልነበረም። እንደ ሥራው ነገር ነበር የተናገረው፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ፣ ዋርካ ሥር ነው። ያችው ትንሽ ነገር ጠቀመችኝ። የውብዳር ደብዳቤ ሲመጣ ጓዳ ገብቼ አንድ ባንድ እየለቀምሁ አነባለሁ። ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ ዛሬም አልችልበትም። አበጀ ይህን ያውቃል። ፖስታ የመጣ ቀን «መዶሻዬን ልሳል» ብሎ ይወጣና ከጓዳው መስኮት ሥር ቁጭ ይላል። መዶሻ ምኑ ይሳላል? እኔም አልጠየቅሁት፤ እንዲያውም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

አንድ ቀን ከደብዳቤው ውስጥ ፎቶግራፍ ወደቀ። የውብዳር ቀይ ሻርፕ አድርጋ ቆማለች፤ ከኋላዋ ተራራ ላይ የተቆለለ ከተማ፣ ከከተማው መኻል ደግሞ እንደ ጣት ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ግንብ። ከልጅ ጥበቃው በኋላ የምትጦራቸው፣ ሲኞራ የሚሏቸው አሮጊት ወጥ ቤት መስኮት ሲከፈት የሚታየው እሱ ነው። የከተማውን ስም ጽፋልኝ ነበር፤ አፌ ላይ አይዞርልኝም። ፎቶግራፉን ሆነ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ውኃ ልቀዳ ወረድሁ። ስመለስ አበጀ ደጃፉ ላይ ወደ ብርሃን ይዞት ቆሟል። ልጁን በአውራ ጣቱ ጋርዷታል፤ ግንቡን ብቻ ነው የሚያየው።

«ይኼ ሰውዬ ያውቃል» አለ።

«የቱ ሰውዬ?» አልሁት፤ ፎቶግራፉ ላይ ወንድ የለም።

«የገነባው ነዋ!»

ወዲያው ጎረቤት ተሰበሰበ። ግንቡ ከላይ እስከ ታች በረድፍ በረድፍ የተበሳ ነው፤ ቡጢ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች። የቅኔ መምህሩ ጎረቤታችን መሪጌታ ልሳኑ መነጽራቸውን አስተካክለው «ቀፎ ነው» ብለው ፈረዱ። «ንብ ያረቡበታል። ከዚያ ከፍታ የወረደ ማር ምን ይጣፍጥ!»

«መሪጌታ፣ ለእርስዎ ሁሉም ነገር ማር ነው» አለች ጥሩነሽ። «የርግብ ቤት ነው እንጂ።»

«አንቺ ጠዋት ማታ በብርሌ እያሳየሽኝ ሌላ ምን ይታየኝ?»

አበጀ አልሣቀም። «ቀፎም አይደል፣ ርግብም አይደል» አለ። «መወጣጫው የተተከለበት ነው። ግንበኛው የሚቆምበት እንጨት ጫፉ ግንቡ ውስጥ ይገባል። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር እንጨቱን ከታች ነቅሎ ከላይ ይተክላል። እኔም እንዲሁ ነው የማደርግ። እኔ ግን ስወርድ ቀዳዳውን በድንጋይ እደፍነዋለሁ። እሱ ሳይደፍን ወርዷል።»

«ለምን ሳይደፍን ወረደ?» አልሁ።

«እኔ ምን አውቄ! ጠይቂያታ!»

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማንን?» አልሁት ቀስ ብዬ። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ጻፍሁላት። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። መልሱ የመጣው ከወር በኋላ ነው። ሲኞራዋን ጠይቃ፣ ሲኞራዋ ደግሞ የሰፈሩን ግንበኛ ጠይቀው። ግንቡ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል። የዚያ አገር ባለጠጎች እርስ በርስ እየተፎካከሩ፣ የእኔ ይብለጥ የእኔ ይብለጥ እያሉ ያቆሙት ነው። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ለኋላ ሰው የተተዉ ናቸው፤ ግንቡ ያረጀ ዕለት የሚጠግነው ሰው እንጨቱን መልሶ እንዲያስገባባቸው። ከታች «ጭቃ የሚገፉበት ካርዮላ እዚህም ካርዮላ ነው በይልኝ» የሚል ነበረበት። ለማን እንደምል አልጻፈችም።

ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ ከመስኮቱ ሥር የመዶሻው ድምፅ ቆመ። «ጎረቤት ለማስቀናት ይህን ሁሉ ድንጋይ ይጨርሳሉ?» የሚል ሰማሁ። ቆየት ብሎ ደግሞ ለብቻው፦ «ከላሊበላ ጋር እኩያ ነው እንግዲህ። ላልተወለደ ሰው መወጣጫ አስቀመጠለት። ጨዋ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላባራም። ማዕዘኑ ላይ ረጅሙና አጭሩ ድንጋይ እንዴት ይፈራረቃል? በሩ ጋ የግድግዳው ውፍረት ስንት ክንድ ነው? የውብዳር መንገደኛ እያያት በክንዷ ለካች። «አራት ክንድ ከስንዝር» ብላ ስትጽፍ አበጀ «የእሷ ክንድ ከእኔ በሁለት ጣት ያጥራል» ብሎ አረመው። ልጁ ከሄደች ጀምሮ ክንዷን ሲያስታውስ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

በኋላ ስልክ መጣ። ያኔ እንዲህ በየኪሱ አልነበረም። ቴሌ ቤት የጥሪ ወረቀት ይልካል፤ በቀጠሮው ቀን አዲስ ነጠላ ለብሰን እንሄዳለን፤ ከእንጨት የተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብተን እንጮሃለን። አበጀ አብሮኝ ይሄድና ከክፍሏ ውጭ ይቆማል። የቴሌዋ ልጅ «ጋሽ አበጀ፣ ይግቡና ራስዎ ያናግሯት እንጂ! በር ላይ ቆመው ሰውን ሁሉ አደነቆሩት» ትለዋለች።

«ምያለሁ!»

«ታዲያ እየጮኹ ያሉት ለማን ነው?»

«ለሚስቴ ነዋ! ጠጂቱ፣ ግንቡ ቆሟል ወይ በያት!»

እኔ ከማለቴ በፊት የውብዳር በዚያ በኩል ሰምታዋለች። «ቆሟል በዪው» ትለኛለች። «ቆሟል» እለዋለሁ። ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። ያ ጥያቄ በየስልኩ ሳይቀር ብዙ ዓመት ሄደ። ደህና ነሽ ወይ ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ መሐላውም አልተነካም።

ደብሩ አዲስ ደወል ቤት ይሠራልን ሲል የሄዱት ወደ አበጀ ነው። ያን ፎቶግራፍ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ሠራው። ከፍታው የዚያን ሩቡን አይሆንም፤ ማዕዘኑ ግን ልክ እንደዚያ ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ ወጣ። ባሬላ የሚሸከሙት ሠራተኞች «ጋሽ አበጀ፣ ደግሞ ምን ሊሉን ነው» እስኪሉ ድረስ አንዱን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ያስነሣቸው ነበር። ሲጨርስ መወጣጫውን ነቀለ፤ ቀዳዳዎቹንም ደፈነ። አንድ ብቻ ቀረ፤ በሩ አጠገብ፣ ደረት ቁመት ላይ። መሪጌታ «አበጀ፣ ይችን ረሳሃት» ቢሉት «አልረሳኋትም፣ የኔታ። ለሚመጣ ሰው ናት» አለ። የሚጠግነውን ሰው ማለቱ መሰላቸው፤ እኔም መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ድንቢጥ ጎጆ ሠራችበት።

የሰው ጉልበት እንዴት ነው የሚያልቅ? መጀመሪያ ክሩ ሁለት ሁለት ሆነብኝ አለ። ቀጥሎ ቅዳሴ ላይ ካህኑን በድምፅ መለየት ጀመረ። ሐኪሙ «ሞራ ቢሆን በገፈፍነው ነበር፤ ይኼ ግን ውስጡን ነው የበላው» አለን። አበጀ ከሕክምና ስንወጣ ፎቶግራፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ያዥው፤ እንግዲህ ለእኔ ወረቀት ነው» አለኝ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ግንቡ በላብ ወይቧል። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት የልጃችን ፊት ግን ልክ እንደመጣ ነበር። እኔ ያኔ ፈራሁ። ሳያያት መቅረቱ ላይቀር ነው፤ ደግሞ ሳያናግራት ቢሞትስ? ለሚካኤል ስለት ተሳልሁ፤ ጃንጥላ አልሁ፣ ጧፍ አልሁ፣ ያላልሁት የለም።

ሶጆርኖ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀቷ ሲወጣላት አንድ ቀን አላደረችም። በባሕር ዳር በኩል መጥታ፣ እዚህ ሞጣ ወንድሟን ይዛ፣ በሚኒባስ ደብረ ወርቅን አልፈው ቢቸና ገቡ። ወደ ቤት ግን አልመጣችም፤ መጀመሪያ የሄደችው መሪጌታ ዘንድ ነው። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳይ መሪጌታ በምርኩዛቸው ከፊት፣ ጥሩነሽ ከኋላ፣ መኻል ላይ ጎንበስ ያለች ሴት። ጂንስ ሱሪ ላይ ነጠላ አጣፍታለች። የሄደችው ኮረዳ ነበረች፤ የመጣችው ጠጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት። ማጅራቷ ላይ የድሮ የስሙኒ ዳቦ የምታክል፣ የገለባ መልክ ያላት ድንጋይ ይዛለች።

መሪጌታ ደጃፉ ሲደርሱ ነው ልብ ብለው ያዩዋት። «የውብዳር፣ ልጄ፣ ይኼ ድንጋይ ነው? ጠጠር አይደል እንዴ! አባትሽ ላይ ልታሾፊ ነው?»

«የኔታ፣ አውሮፕላኑ ከዚህ በላይ አልጭንም አለ» አለች እንዳጎነበሰች። «እሷንም ከሻንጣዬ አውጥተው ሦስት ሆነው ዞሯት። ምንድን ነው ሲሉኝ ይቅርታ ነው አልኋቸው። አልገባቸውም።»

አበጀ ከመደቡ ተነሣ። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ወደ ድምፅዋ መጣ። «መሪጌታ፣ ድንጋይ አልሁ እንጂ መጠኑን አልተናገርሁም» አለ። ለእሷ ገና አልተናገረም። እጁ መጀመሪያ ሻሿን አገኘ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ማጅራቷ ወረደና ድንጋዩን አነሣው። ጥሩነሽ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በክንዴ ጎሸምኋት፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ድንጋዩን መዘነው። በጥፍሩ ጫረው። አሸተተው። አንዱ ገጹ ላይ የመሮ ምልክት ነበረበትና ጣቱ እዚያ ሲደርስ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ከቆመ ግንብ ነቅለሽ ነው?»

ከስንት ዓመት በኋላ ለልጁ የተናገራት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፤ ቁጣ።

«ኧረ አይደለም፣ አባባ!» ቀና አለች። «ግንቡን እየጠገኑት ነው። ያረጀውን ቀይረው የጣሉት ነው። ግንበኛውን ለምኜ፣ አባቴም ግንበኛ ነው ስለው እሱ ራሱ መርጦ ሰጠኝ።»

«መወጣጫውን ምን ላይ ተከሉት?»

«በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ነዋ፣ አባባ። ልክ ገባ።»

አበጀ ድንጋዩን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ሣቀ። ያ ከደረቱ የሚመጣ ሣቅ፣ ስንት ዓመት ሙሉ የት ከርሞ እንደነበር አላውቅም፣ ወጣ። «ልክ ገባ!» ይላል፣ ይሥቃል፤ «መሪጌታ፣ ሰሙ? ልክ ገባ!» ይላል፣ የማያየው ዓይኑ ያነባል። ጥሩነሽን ያኔ ለቀቅኋት፤ እልልታዋ መናኸሪያ ድረስ ተሰማ።

በሦስተኛው ቀን ሦስታችን ወደ ደወል ቤቱ ወረድን። ድንቢጧ ጫጩቶቿን አሳድጋ ከሄደች ቆይታለች። አበጀ ቀዳዳዋን በጣቱ ለካ፤ ድንጋዩ አነሳትና ዙሪያውን በጥቁር ፍንካች ሞላው። የውብዳር ጭቃ እያቀበለችው ነበር። «ቱንቢውን ያዢ» አላት። ለአንዲት ድንጋይ ቱንቢ አያስፈልግም፤ ዓይኑም ክሩን አያይም። «ትንፋሽሽን ያዢ» አላት ደግሞ። ያዘች። እኔም ያዝሁ።

«ለጠጋኙ የተውኸው አልነበረም እንዴ? ለምን ደፈንኸው?» አልሁት።

«መጣቻ» አለኝ። «ከዚህ ወዲያ ለማን ልተወው?»

ስንመለስ እሷ ቀድማን ስትሄድ ክንዱን ይዤ ነገርሁት። እንዴት ሆዴ ውስጥ ይዤው ልሙት? «አበጀ፣ ያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ስትወጣ አይቻት ዝም ያልሁ እኔ ነኝ።»

ትንሽ ተራመደ። «በሩን የሠራሁት እኔ አይደለሁ? ሲከፈት የሚለውን አውቀዋለሁ።»

«ነቅተህ ነበር?»

«አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ስታዞሪ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ። «ልከለክላት እችል ነበር። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ እሷም እንዳልወደደች አያለሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ አልቆሙልኝም።»

አበጀ ካለፈ ይኸው ስንት ክረምት ሆነው። እኔንም ልጄ «ብቻሽን አትሆኚም» ብሎ እዚህ ሞጣ አመጣኝ። ቢቸና ለሙት ዓመቱ ብቻ ነው የምወርድ። መንገዱ ኮብልስቶን ሆኗል፤ የጥሩነሽ ጠጅ ቤት የስልክ ቀፎ መሸጫ ነው። ደወል ቤቱ ጋ ስደርስ ሰው ሳያየኝ እጄን ወደዚያች ድንጋይ እሰዳለሁ። ክረምት ክረምት ጥቁሩ ድንጋይ ሁሉ ውኃ ጠጥቶ ሲጠቁር እሷ ብቻ ገለባ መልኳን ይዛ ትታያለች። የውብዳር ተመልሳ ሄዳለች፤ ሲኞራዋ ሞተዋል፤ አሁን የምትጦራቸው ሌላ አሮጊት አሉ፤ ቤታቸውም እዚያው ግንቡ ሥር ነው።

እሑድ ዕለት ደወለች፤ በዚህ ፊት በሚያሳየው ስልክ። መጀመሪያ መስኮቱን ከፍታ ግንቡን አሳየችኝ፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ወፍ ይገባል፣ ይወጣል። ከዚያ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረችና አየችኝ። ጉልበቴ ከታመመ ሰንብቷል፤ ወንድሟ ነግሯታል። እሷም አላነሣችው፣ እኔም አላነሣሁት።

«እምዬ» አለች፣ «ግንቡ ቆሟል?»

«ቆሟል» አልኋት።